የዱቄት ሳጥኑ ተረት

ልጆቹ «እትዬ ከዛስ» ነው የሚሏት። ተረት ስታነብ ነገሩ ጥፍር የሚያስነክስበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆም ትልና፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ «ከዛስ?» ትላቸዋለች። ግምታቸውን ተሻምተው ካልጮኹ በቀር አንዲት መስመር አታልፍም። ሠላሳ አንድ ዓመት ቋንቋ አስተምራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈሯ ቤተ መጻሕፍት ለልጆች ታነባለች። ቅጽል ስሙ ከልጆቹ አልፎ ተዛምቶ፣ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር «እትዬ ከዛስ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያስበሉ ነው?» እያለ ይቀልድባታል።

ጥበቃው እውነቱን ነበር። በዚያ ዓመት አንድ አሳታሚ የጥንት ተረቶች የተሰበሰቡበት ወፍራም መጽሐፍ ሰጥቷት ነበር። ከውስጡ አሥራ ሁለቱን መርጣ፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች በሚሆን ቋንቋ እንደገና እንድትጽፋቸው ነው። «ምን አላት፣ ተረት አይደለም እንዴ!» ብላ በደስታ ተቀበለች። ጉዱን ያየችው መጽሐፉን ስትገልጠው ነው። ተረቶቹ ድሮ ለሕፃናት ተብለው የተነገሩ አልነበሩም። ሥራ ውለው የደከሙ ትልልቅ ሰዎች እርስ በእርስ ያወሯቸው ናቸው። እናት ልጇን ለአውሬ ትለውጣለች። ወንድም ወንድሙን ጉድጓድ ጥሎ ድንጋይ ይገጥምበታል፤ በማግስቱ ሰርግ ይደገሳል፤ ሁሉም ይጨፍራል።

ከሁሉ የከበዳት ሰባተኛው ነው። አንድ ባለ ወፍጮ ብቸኛ ልጁን ለእንጀራ እናቷ ትቶ ሩቅ አገር ይሄዳል። እንጀራ እናቷ በተናደደች ቁጥር ልጅቷን የዱቄት ሳጥን ውስጥ ከትታ ትቆልፍባታለች። አንድ ቀን አባትየው ሳይታሰብ ከች ይላል። ደክሞታልና እዚያው ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ ምግቡን ይበላል። ከሥሩ ኳ፣ ኳ ሲል ይሰማና «ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «አይጥ ነው» ትለዋለች ሚስቱ። አባትየው አይጡን ሊያስደነግጥ ሳጥኑን በተረከዙ ሁለቴ ይመታዋል። ከዚያ በኋላ ከሳጥኑ ምንም ድምፅ አይሰማም። የድሮው ተረት እዚህ ላይ ያልቃል።

«መምህር፣ ይሄ እኮ ልጅ ያስለቅሳል» አላት አርታኢው በስልክ። አምስተኛ ክፍል ሳለ ፊደል ሲገለብጥባት ያቃናችው ተማሪዋ ነበር፤ ዛሬ እሱ በተራው የእሷን ያቃናል። «አባትየው ሳጥኑን ይክፈተውና እንገላገል።»

«ቢከፍተውማ ሌላ ተረት ሆነ።»

«ሌላ ይሁና! ወላጅ ነው የሚገዛው መጽሐፉን። ወላጅ ደግሞ ሳጥን ውስጥ የቀረች ልጅ አይገዛም።»

ሁለት ቀን አኮረፈችው። በሦስተኛው ቀን እጅ ሰጠች። እውነት ለመናገር ልጅቷ እሷንም አንጀቷን በልታታለች። አባትየው ኳኳታውን ሰምቶ ብድግ ሲል፣ ክዳኑን ሲያነሳ፣ ልጅቷም ከእግር እስከ ራሷ በዱቄት ነጥታ ስታስነጥስ አድርጋ ጻፈችው። ማስነጠሷ ልጆቹን እንደሚያስቃቸው ገምታለች። ማንኛውንም ተረት ወደ አሳታሚው ከመላኳ በፊት ቅዳሜ ታነብላቸዋለች። የተቁነጠነጡበትን ትቆርጣለች፤ አፋቸውን የከፈቱበትን ትተወዋለች።

በዚያ ቅዳሜ ሃያ ሁለት ልጆች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመደርደሪያው ጥግ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ የተቀመጠችው ሚጢጢ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሲያዩዋት ግን ሰባት አትሞላም፤ ቅጽል ስሙም የወጣላት ለዚሁ ነው። ከልጆቹ ሁሉ የሚያምረው ልብስ የእሷ ነው። የምታሳድጋት አክስቷ፣ የአባቷ እህት፣ ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም በሙሉ የምትሰፋው እሷ ናት። የልጅቷ እናት ከሞተች ቆይታለች። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሄደ ከተባለ ወራት ይፈጅበታል።

«ከሥሩ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማ» ብላ አነበበችና እትዬ ከዛስ መነጽሯን አወረደች። «ከዛስ?»

«ይክፈተው!» «ፖሊስ ይጥራ!» «ሴትየዋን ራሷን ይክተታት!» ቤቱ ተናወጠ።

«አይከፍተውም» አለች ሚጢጢ። እጇን አላወጣችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«ለምንድን ነው የማይከፍተው የኔ ቆንጆ?»

«አታንኳኳማ። የሚንኳኳው መጀመሪያ ቀን ብቻ ነው። ከዛ በኋላ እየደከማት አየር እንደሚያጥራት ታውቃለች። አፍን ቁልፉ ቀዳዳ ላይ አድርጎ ቀስ እያሉ መተንፈስ ነው። ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ግን ማስነጠስ ጥሩ አይደለም። የጨርቁ ብናኝ።»

«ዱቄት ነው እንጂ ጨርቅ ምን አመጣው!» ብሎ አንዱ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት።

«ዱቄት ማለቴ ነው» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች።

እትዬ ከዛስ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። የቀረውን እንዴት አንብባ እንደጨረሰች አታውቅም። ልጆቹ አባትየው ሳጥኑን ሲከፍት አጨበጨቡ፤ ልጅቷ ስታስነጥስም እንደገመተችው ሳቁ። እሷ ግን የምታየው ያንን ጥግ ብቻ ነበር።

ሲበተኑ ሚጢጢን መጽሐፍ በመደርደር ታግዘኛለች ብላ አስቀረቻት።

«ሚጢጢዬ፣ አንቺ ሳጥን ውስጥ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ መጽሐፎቹን በቁመታቸው መደርደሯን አላቋረጠችም። «ሳጠፋ ነው።»

«ማን ነው የሚያስገባሽ?»

«ራሴ እገባለሁ። አክስቴ ትከፍትልኛለች፣ እኔ እገባለሁ።»

«ምን ያህል ታቆይሻለች?»

«የያዘችውን ሰፍታ እስክትጨርስ። ሸሚዝ ከሆነ ቶሎ ነው። ኮት ግን ይቆያል።» ከዚያ አንድ ቀጭን መጽሐፍ እጇ ላይ እንደያዘች ዞር ብላ አየቻት። «ለሰው አልናገርም ብዬ ነበር። ተረት ስለሆነ ነው ያወራሁት። አይናገሩብኝም አይደል?»

እትዬ ከዛስ መጽሐፉን ከእጇ ተቀብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ልጅ ለጠየቃት ሁሉ መልስ ስትሰጥ የኖረች ሴት ናት። ልጅቷን እቅፍ አድርጋ ወደ ቤቷ ይዛት ልትበር ቃጣት። በዚሁ መሐል አክስትየዋ የመለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ብቅ አለች። መልከ መልካም፣ ፊቷ የማይኮሳተር ሴት ናት።

«ውይ እትዬ፣ ዛሬም አደከመችዎት! ይቺ ልጅ እርስዎ ጋ ካልመጣች ቅዳሜ የነጋላት አይመስላትም እኮ። ምን ውለታ ልክፈልዎት?» እያለች የእትዬ ከዛስን ጉንጭ ሳመች። ልጅቷ ሳትጠራ ሄዳ የአክስቷን እጅ ያዘች። እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ከዛስ ወደ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሄደች። አብረው ብዙ ዓመት ሠርተዋል። የምትለውን ሁሉ እስክትጨርስ በትዕግሥት አዳመጣትና ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ቁስል አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ቀሪ የለባትም። ውጤቷ ደህና ነው። አክስቷ ደግሞ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ ለችግረኛ ልጆች ዩኒፎርም በነፃ የምትሰፋ ሴት ናት። አንቺን አላምንም ማለቴ አይደለም እህቴ። ግን ምን ብዬ ልጻፍ? ልጅ ተረት ሰምታ ተረት አወራች ብዬ?»

ቢሆንም ጆሮ ዳባ ልበስ አላላትም፤ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮው የት እንደሆነ ነገራት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የብረት ቁም ሣጥን ግድግዳውን የሞላበት ክፍል ነበር። ጉንፋን የያዛት አንዲት ወጣት ሠራተኛ አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች ቃሏን ጻፈች። ክፉ ልጅ አልነበረችም። «ሸሚዝ ከሆነ ቶሎ ነው፣ ኮት ግን ይቆያል» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ዛሬውኑ ትሄዳላችሁ አይደል?» አለች እትዬ ከዛስ።

«ሳናሳውቅ ሰው ቤት አንገባም፤ ደንቡ ነው። ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ከዚያ ቀን ይያዝላቸዋል።»

«ደብዳቤ ከደረሳትማ...»

«አውቃለሁ እማማ» አለች ሠራተኛዋ ቀስ ብላ። «አውቃለሁ።»

ቀጠሮው በዘጠነኛው ቀን ሆነ። በመሐሉ በነበረው ቅዳሜ ሚጢጢ አልመጣችም። እትዬ ከዛስ በነጋ በጠባ አንድ ሰበብ እየፈለገች በልብስ ሰፊዋ ቤት በኩል ታልፋለች። አንድ ቀን ቁልፉ የወለቀ ሹራብ ይዛ ገባች። ክፍሉ የብረት መተኮሻ ሽታ ነበረው። ሁለት የስፌት መኪና፣ በመስኮቱ በኩል የተሰቀለ ግማሽ ኮት፤ ከግድግዳው ሥር ደግሞ ትልቅ የእንጨት ሳጥን፣ በላዩ ላይ የታጠፈ ጨርቅ ተደርድሮበታል። አክስትየዋ ቁልፉን እሷ ቆማ ስትጠብቅ ተከለችላትና «ለእርስዎማ ሂሳብ የለም» አለቻት። እትዬ ከዛስ ጆሮዋ ሳጥኑ ላይ እንደተለጠፈ ነበር። መንገዱ ስለሚንጫጫ ምንም አልሰማችም። ሳጥኑን ክፈቺው ማለት ፈለገች። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ስትደርስ አንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። በዚያች ሰዓት ልጅቷ ትምህርት ቤት እንደነበረች ያወቀችው በኋላ ነው። ግን ልጅቷ ውስጡ ብትሆንም ኖሮ ያው አታስከፍተውም ነበር፤ ይሄ ደግሞ ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነሳት።

ጉብኝቱ ከተደረገ በኋላ ሠራተኛዋ ጠራቻት።

«ሳጥኑ እስከ አፉ ጨርቅ ሞልቶበታል። ልጅቷ የራሷ አልጋ አላት፤ አንሶላው ራሱ ጥልፍ ነው። ብቻዋን አነጋገርኳት። ‹ተረት ነው ያወራሁት› አለችኝ።»

«ፈርታ ነው!»

«ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ደስ አይልዎትም ግን መጠየቅ አለብኝ። ሳጥን የሚለውን ነገር መጀመሪያ ያነሳው ማነው? እርስዎ ነዎት ወይስ ልጅቷ?»

እትዬ ከዛስ ጥያቄው ወዴት እንደሚያመራ ገባት። መዋሸት ትችል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «ተረቱ ውስጥ ነበረ።»

«ብቻችሁን ስትሆኑስ? ‹ሳጥን ውስጥ ገብተሽ ታውቂያለሽ ወይ› ብለው የጠየቁት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

ሠራተኛዋ ያንን ጻፈች። ስትጽፍ ቀና ብላ አላየቻትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ ሁለት እናቶች አስከትላ ቤተ መጻሕፍቱ መጣች። አልጮኸችም፤ እንባዋ ግን ግጥም ብሎ ነበር። «ሰው ልጁን እውቀት እንድታገኝ ይልካል። እኔ እንደ እናት ያሳደግኳት ልጅ፣ ‹አክስቴ ሳጥን ውስጥ ትቆልፍብኛለች› ብላ መንግሥት ቤቴ ድረስ አመጣችብኝ። ከየት አመጣችው? ከእሳቸው ተረት!» አንደኛዋ እናት የእሷም ልጅ ሽንት ቤት ብቻውን መሄድ እንደፈራ ተናገረች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የእትዬ ከዛስን ጽሑፍ ተቀብሎ አገላበጠ፤ ሳጥኑንም፣ አይጡንም አነበበ። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የቅዳሜው ንባብ እንዲቆም ወሰነ። ጥበቃው ስትወጣ ሊቀልድባት አስቦ ፊቷን ሲያይ ተወው።

የቀራት አባትየው ብቻ ነበር። ርዕሰ መምህሩን ለምና፣ ስሙን እንዳታነሳ ቃል ገብታ፣ ስልኩን ተቀበለች። ሦስት ቀን ደወለች። በአራተኛው አነሳ። የመኪና ሞተር ያጓራል፤ ጨዋ፣ ደከም ያለ ድምፅ ነበረው።

«የልጅዎ የተረት አስተማሪ ነኝ» አለችው፤ ከዚያ የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። ጨርቁን፣ ቀዳዳውን፣ ኮቱን።  ከአንዴም ሁለቴ የተቋረጠ መስሏት «አሉ?» አለችው። «አለሁ፣ አለሁ» አላት።

ስትጨርስ ሞተሩን አጠፋ።

«ሳጥኑ አሁንም አለ እንዴ?» አለ።

«ያውቁታል?»

«የእናታችን ሳጥን ነው። እኔንም እህቴ እዛው ነበር የምታስገባኝ» አለና ሳቅ ቢጤ አመለጠው። «እናታችን ከሞተች እሷ ናት ያሳደገችኝ እትዬ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ሳትዳር ቀረች በኔ ምክንያት። ክፉ ልጅ ነበርኩ፤ ካለዚያ አልያዝም ነበር። ይኸው ሰው ሆኛለሁ አይደል?»

«ልጅዎ ግን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መተንፈሻ እየፈለገች...»

«እትዬ፣ እኔ በወር አንድ ቀን ቤቴ አላድርም። ከእህቴ ሌላ ማን አለኝ? እርስዎ ይወስዷታል?»

«እወስዳታለሁ» አለች ሳታስበው። «ዛሬ ልምጣና ልውሰዳት፤ ይስጡኝ።»

 እትዬ ከዛስ ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ጠበቀች። ክፍሏን በዓይኗ እየለካች ነበር፤ አልጋው የት እንደሚሆን፣ ጠረጴዛው ወዴት እንደሚገፋ።

«ሰው ምን ይላል?» አለ አባትየው በመጨረሻ። ድምፁ ጠንከር ብሎ ነበር። «የሥጋ አክስት እያለቻት ለባዳ ሰጠ አይሉኝም? እህቴንስ ምን ብዬ ነው ዓይኗን የማየው? ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። እኔ እነግራታለሁ፤ ቀስ በዪ እላታለሁ። ከእንግዲህ ግን ባይደውሉ ደስ ይለኛል።»

ለእህቱ ነገራት። እትዬ ከዛስ ይህንን ያወቀችው በአሥረኛው ቀን የልብስ ሰፊዋ በር በሰንሰለት ታስሮ ስታገኘው ነው። ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው «ወንድምየው ሌላ ከተማ ቤት ተከራየላቸው አሉ። ሰው ስም እያጠፋ አላስቀምጥ ብሏት» አላት፤ ስሟን ያጠፋው ማን እንደሆነ ግን አላወቀም። ርዕሰ መምህሩ ጋ ስትሮጥ የልጅቷ መሸኛ ከተሰጠ አራት ቀን አልፎታል። በልብስ ሰፊዋ ቤት መስኮት በኩል ብታይ የተረፈው የክር ቁራጭና ወለሉ ላይ የሳጥኑ አራት ማዕዘን ምልክት ብቻ ነበር።

ለአርታኢው ደውላ ሰባተኛው ተረት እንደ ድሮው ይታተምልኝ አለችው። አባትየው አይክፈተው። አርታኢው ከሌላ ሰው ወሬውን ሰምቶ ኖሯል።

«መምህር፣ በሞቴ፣ ይሄንን ተረት እንተወው» አላት። «እርስዎም ይረፉ፣ እኛም እንረፍ።» መጽሐፉ በአሥራ አንድ ተረት ታትሞ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ጥንቸል ስትስቅ ተስላለች፤ ከአሥራ አንዱ ተረት በአንዱም ውስጥ ጥንቸል የለችም። ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ «እንኳን ደስ አለዎት» ይሏታል። እሷም «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ትላለች።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ትሄዳለች። የመጀመሪያ ሰሞን ፋይሉ ተዘግቷል ተባለች። ያቺ ጉንፋን የነበረባት ሠራተኛ ግን በራሷ ጊዜ ወደ ሌላኛው ከተማ ቢሮ ደብዳቤ ጽፋላት ነበር። መልሱ ግን አልመጣም። እትዬ ከዛስ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራዋን ጠብቃ ትገባለች፤ «መጣ?» ትላለች፤ «አልመጣም እማማ» ትባላለች፤ ትወጣለች። ደረጃው እያደር ቁና ቁና ያስተነፍሳት ጀመር። አንዳንድ ማክሰኞ ሠራተኛዋ ከሩቅ ስታያት ራሷን በመነቅነቅ ብቻ «የለም» ትላታለች። እሷ ግን ሰልፏን አትተውም፤ እስከ ጠረጴዛው ደርሳ በጆሮዋ ሰምታ ነው የምትመለሰው።

በሰባተኛው ወር መልሱ መጣ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ማሳየት አይፈቀድልኝም ብላ ራሷ አነበበችላት። ሦስት መስመር ነው። የሌላኛው ከተማ ሠራተኛ ቤቱን ጎብኝቷል። ልጅቷ ትማራለች፤ ልብሷ ንጹሕ ነው። በክፍል ውስጥ ዝምተኛና ታዛዥ መሆኗን መምህሯ መስክራለች።

«ዝምተኛ ማለት?» አለች እትዬ ከዛስ። «እንዴት ያለ ዝምታ?»

«እንደዚህ ብቻ ነው የተጻፈው።»

«ብቻዋን አነጋግረዋታል? ምን አለች? አንድ ቃል እንኳን...»

«እማማ፣ ሌላ የለበትም። በወረቀቱ ጀርባም ምንም የለም፤ አይቼዋለሁ።» ሠራተኛዋ ወረቀቱን አጥፋ ፋይሉ ውስጥ አስገባችው። እጇን ዘርግታ የእትዬ ከዛስን እጅ ለአፍታ ያዝ አደረገች። ኮሪደሩ ላይ ሕፃን ያለቅሳል፤ ወረፋው እስከ ደረጃው ድረስ ተዘርግቷል።

እትዬ ከዛስ ቦርሳዋን አነሳች፤ ግን ከወንበሩ አልተንቀሳቀሰችም። ሠራተኛዋ ጥቂት ጠበቀቻት። ከዚያ ከትከሻዋ በላይ ወደ በሩ ተመለከተችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሚቀጥለው ይግባ» አለች።